የካርቶኑ ጅብ «አልነጋም» አለ

የምሥራች! ጸደቀ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እጁን ያላወጣ የለም፣ «ግን» ያለም የለም። እኛ ማኅበር ውስጥ ደግሞ «ግን» ሳይባልበት የጸደቀ ነገር ኖሮ አያውቅም። የሻይ ብርጭቆው ፕላስቲክ ይሁን ወይስ ወረቀት የሚለውን ለመወሰን እንኳ ሁለት ስብሰባ የተቀመጥን ሰዎች ነን። አሁን ከአዳራሹ ወጥቼ ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሞተሩን አስነሥቻለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ደስታ ሳይጽፉት ከነዱበት ያጋጫል።

የማን የምሥራች እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። እናንተም ሳታውቋቸው አትቀሩም፤ ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ አለና። በዓል ሲመጣ ድንኳን የሚተክል ሰው አለ። ማይኩን ይዞ «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲል የሚውል ሰው አለ። ሰው ሳህኑን ሲያነሣ ጠብቆ ንግግር የሚጀምርም አለ። ከእነዚህ ሁሉ የማይቀረው ግን ልጆቹን የሚያጫውተው ነው። ማንም አልሾመውም፤ ማንም አልለመነውም። ልጆቹ ዳር ላይ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ሲያይ ሆዱ ይባባል፤ ተነሥቶ ያጫውታቸዋል። ልጆቹም ያለቅሳሉ።

የላስ ቬጋሱ የእኛው ሰው ክቡር ጋሽ ኃይለኢየሱስ ይባላሉ። በሥራ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባለው ቦታ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፤ በበዓል ቀን ግን ሊቀ ጨዋታ ዘሕፃናት ናቸው። ቁመታቸው ከበር ይበልጣል። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ሲስቁ እንኳ ጥርሳቸው አይታይም፤ ከንፈራቸው ገጥሞ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። የሚያምኑት ነገር አንድ ነው፤ «ልጅ ካልፈራ አልተዝናናም።» ይህን የሚናገሩት እንደ ሐኪም ነው። አንዲት እናት የሚንቀጠቀጥ ልጇን ታቅፋ ስትመጣባቸው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል፤ የዐይኑን ቆብ ገለጥ አድርገውም ያዩና፣ «ደኅና ተዝናንቷል» ብለው ይመልሱላታል።

የፋሲካውን በዓል አስታውሳለሁ። ነጭ አንሶላ ወጠሩ፤ ከኋላው ባትሪ አበሩ፤ በእጃቸው ጥላ ርግብ ሠሩ፣ ጥንቸል ሠሩ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ወላጆችም ዘንድሮስ በሰላም ሊያልፍ ነው ብለን እፎይ አልን። ከዚያ ጋሽ ኃይለኢየሱስ ውኃ ሊጠጡ ከአንሶላው ኋላ ወጡ። ጥንቸሏ ግን አልወጣችም። አንሶላው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ቆይታም አንድ ጆሮዋን አነቃነቀች። የኮሚቴው ሊቀመንበር ገንዘቤ ሮጣ ከኋላ ስትደርስ ባትሪው መሬት ላይ በርቶ ተቀምጧል፤ ሰው የለም። ነፋስ ያመጣው ቅጠል ነው ተባለ። ቅጠሉን ያገኘ ግን የለም። ጋሽ ኃይለኢየሱስ ውኃቸውን ጨልጠው፣ «እኔስ ምን አውቄ፤ ዋናው መዝናናታቸው ነው» አሉ።

ደግሞ «አቶ ዝም» ነበር። ከካርቶን የተሠራ፣ ሙሉ ሰው የሚያክል አሻንጉሊት ነው። ወንበር ላይ አስቀምጠው ከልጆቹ ፊት አደረጉትና፣ «አሁን ይናገራል፤ ዝም ብላችሁ ስሙ» አሏቸው። አልተናገረም። ልጆቹ ጠበቁ። ጠበቁ። ስማቸው ሦስቴ ሲጠራ የማይሰሙ፣ ስልክ ሲነጠቁ ጣራ የሚያፈርሱ ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው አንድ የካርቶን ሰው ላይ አፈጠጡ። መጀመሪያ የፈራነው እኛ ወላጆች ነን፤ ልጆቻችንን እንዲያ ዝም ብለው ዐይተናቸው አናውቅማ። አንድ አባት ልጁን ሊያነሣ ቢጠጋ፣ ልጁ ከአሻንጉሊቱ ላይ ዐይኑን ሳይነቅል ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ «እሽሽ፣ ሊናገር ነው» አለው። በዚያ ሳምንት በየቤቱ ባዶ ወንበር ፊት ቁጭ ብለው የተገኙ ልጆች ነበሩ።

ጅቡን ሳላነሣ ባልፍ ግን ይቀየሙኛል። ከፍሪጅ ካርቶን የተሠራ ነው፤ አንድ ፊቱ ላይ የጅብ መልክ ተሥሎበታል፤ አፉ ልጅ በሚያሾልክ መጠን ተቀዷል። ዐይኖቹ የጭነት መኪና ኋላ ላይ ከሚለጠፈው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ቦግ ከሚለው ቀይ ፕላስተር የተቆረጡ ናቸው። ሴንቴኒያል ሂልስ ከሚባለው ሠፈር የመጣች አንዲት እናት መኪናዋን ስታስነሣ መብራቷ አረፈበት። መኪናዋን እዚያው ትታ በኡበር ነው የሄደችው።

በጅቡና በሌሎቹ ባዶ ካርቶኖች የሚያጫውቷቸው ጨዋታ ኩኩሉ ነው። ለረሳችሁት፣ አንዱ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ሌላው ይደበቃል። የጨፈነው «ኩኩሉ» ይላል፤ ያልተዘጋጀው «አልነጋም» ይለዋል። ሁሉም ተደብቆ ሲያበቃ «ነጋ» ይባላል፤ ያኔ ፍለጋ ነው። «ነጋ» ሳይባል ዐይን መግለጥ ነውር ነው። እኛ ስንጫወተው ሳቅ ነበር። እዚህ ግን፣ ሰዓትም መስኮትም በሌለው ካዚኖ ሌሊቱን የሚሠሩ እናትና አባት ያሏቸው፣ ቀን በቀን መጋረጃ ተዘግቶ «ቀስ በሉ፣ ማሚ ተኝታለች» እየተባሉ ያደጉ ልጆች ካርቶን ውስጥ ሆነው በቀስታ «አልነጋም» ሲሉ ከምራቸው ነው። ጠጉር ያቆማል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ በዓሉ አልቆ ካርቶኖቹን ሲያጣጥፉ፣ እያንዳንዱ ውስጥ ጎንበስ ብለው «ኩኩሉ» ሳይሉ፣ ጆሯቸውን ሰጥተው ሳያዳምጡ አንዱንም አጥፈው አያውቁም። ተጫውቶ ደክሞት ውስጡ የተኛ ልጅ እንዳይኖር ነው። ቢዘንብም፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻቸውን ቢቀሩም፣ ይህን አይተዉም።

እንግዲህ ዘንድሮ ለዘመን መለወጫ ኮሚቴው ተሰብስቦ ጋሽ ኃይለኢየሱስን አሰናበተ። ገንዘቤ እንደ ወጉ አለስልሳ ነው የነገረቻቸው፤ «ጋሼ፣ ዘንድሮ እርስዎ ይረፉ። ባውንስ ሃውስ ተከራይተናል።» ባውንስ ሃውስ ማለት ያ በአየር የሚነፋው፣ ልጅ የሚዘልበት ቤተ መንግሥት ነው። ዘንድሮ ልጆቹ ከወደዱት ለወደፊቱም እሱው ይሆናል፤ የልጆቹ ጥግ ከእሳቸው እጅ ወጣ ማለት ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ልጆቻቸውም ራቅ ያለ ስቴት ከገቡ ወዲህ፣ ጋሽ ኃይለኢየሱስን በስማቸው እየጠራ ወደ እሳቸው የሚሮጥ ሰው ያለው እዚያ ጥግ ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያነሣው ግን አልነበረም። እሳቸውም «ይሁን» አሉ። በበዓሉ ቀን ታዲያ ፒክአፓቸው ኋላ ላይ ካርቶኖቹ እንደ ተራራ ተከምረው መጡ። ምንድን ናቸው ቢባሉ፣ «ለማንኛውም» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በዓሉ ሲልቬራዶ ራንች አካባቢ ካለ አንድ ፓርክ ነበር። ከፓርኩ ጎን በሲሚንቶ የተሠራ ጥልቅ የጎርፍ መውረጃ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ጫፉ ከመንገዱ ሥር ወደሚገባ ጨለማ ዋሻ ይሄዳል። ከጋሽ ኃይለኢየሱስ አጠገብ ጥላ ሥር የገንዘቤ አባት፣ አባባ ገብረጻድቅ፣ ተቀምጠዋል። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። ገንዘቤን ልጃቸው መሆኗን ረስተው እንደ ታላቅ እኅት «እትዬ» ነው የሚሏት። ሲቆጧቸው ይፈራሉ፤ ሲሥቁላቸው ይሥቃሉ። ከ«እትዬ» ሌላ ቃል ከአፋቸው ከወጣ ወራት አልፎት ነበር።

ወደ አመሻሹ ላይ ከተራራው በኩል ሰማዩ እንደተመታ ገላ በልዞ ጠቆረ። ነፋሱ ተነሣ። የባውንስ ሃውሱ ሰውዬ ሰማዩን ቀና ብሎ ዐየና ልጆቹን አስወጥቶ ሞተሩን አጠፋ፤ በነፋስ መክፈት ክልክል ነው። ቤተ መንግሥቱ ትንፋሹን እየለቀቀ፣ ግንቦቹን አንድ በአንድ እያጠፈ፣ በመጨረሻ በደረቱ ተኛ። ልጆቹ በአንድ ላይ አለቀሱ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ ሳይቸኩሉ ተነሡ፤ ሱሪያቸውን አራገፉ፤ ወደ ፒክአፑ ሄዱ። ገንዘቤ ከሩቅ ዐይታቸው ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ደቂቃ ሜዳው ካርቶን በካርቶን ሆነ። እሳቸው ፊታቸውን ከፒክአፑ በር ላይ አስደግፈው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ብረቱ ገና የቀኑ ሙቀት አልወጣለትም፤ ጀርባቸውን ግን የአሸዋ ነፋስ እየገረፈ ነው። «ኩኩሉ» አሉ። «አልነጋም!» አሉ ልጆቹ ከየአቅጣጫው። «ኩኩሉ።» «አልነጋም።» ሦስተኛው ላይ «ነጋ» አሉ ልጆቹ። ከልጆቹ ድምፅ ሥር ግን አንድ ሌላ ድምፅ፣ ሻካራ፣ ዝግ ያለ፣ «አልነጋም» አለ።

ጋሽ ኃይለኢየሱስ ከትልልቆቹ ወንዶች ልጆች አንዱ ሊያስፈራራኝ ነው ብለው አሰቡ፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማቸው፤ ያስተማሩት ልጅ ሙያ ጨበጠ ማለት ነዋ። እየዞሩ አንድ በአንድ ያዟቸው። ሁሉም ተያዙ። ሁሉም ከበዋቸው እየተሣሣቁ ቆሙ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ ጨዋታውን ሊዘጉ፣ ለወጉ ያህል፣ «ኩኩሉ» አሉ።

«አልነጋም» አለ ነፋሱ ውስጥ ያለው ድምፅ።

የልጆቹ ሣቅ ቆመ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ በኋላ እንደነገሩኝ እግራቸው ሥር ያለው መሬት የቀዘቀዘ መሰላቸው። ከዚያ ሩሐማ የምትባለው፣ እዚህ የተወለደችው ልጅ፣ እጃቸውን ያዘችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ጋሼ፣ ጅቡ የለም። ጅቡ ሄዷል» አለቻቸው። እውነትም ከካርቶኖቹ መካከል ጅቡ የለም።

ይህ ሲሆን ነው ገንዘቤ ከድንኳኑ በኩል እየጮኸች የመጣችው። የአባቷ ወንበር ባዶ ነው። ኮፍያቸው ብቻ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። የጎርፍ መውረጃው የአጥር በር ደግሞ በነፋሱ ተበርግዶ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ወንዶቹ በአንድ አፍ «አባባ ገብረጻድቅ!» እያሉ ተበተኑ፤ ስምዖን የተባለው ወንድማችን ለድንገተኛ አደጋ ወደ 911 ደወለ። በተራራው ላይ መብረቅ በረቀ። ቬጋስ የቆየ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ እዚህ ጠብታ ሳይወድቅ ተራራው ላይ የዘነበው ውኃ በዚያ ቦይ ይመጣል፤ ሲመጣም አያንኳኳም።

ጋሽ ኃይለኢየሱስ ማይኩን ነጠቁ። «ዝም በሉ» አሉ። ያ የጉድጓድ ድምፅ በስፒከር ሲወጣ ነፋሱ ራሱ ያቆመ መሰለ። ከዚያ ወደ ገንዘቤ ዞሩ፤ «ስማቸውን አትጥሪ። የተደበቀ ልጅ ስሙ ሲጠራ አይወጣም፤ ይብስ ይርቃል።»

ገንዘቤ ፊቷ አመድ መስሎ፣ «ጋሼ፣ አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው?» አለቻቸው።

«ለእሳቸው ነው» አሉ።

ልጆቹን በአጥሩ ርዝመት አራርቀው አቆሟቸው። «እንደ አቶ ዝም» አሏቸው። ይህን ብቻ ነው ያሉት። እነዚያ ልጆች ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኛ አዋቂዎቹ እንባችንን እንኳ በድምፅ ነው የምናለቅሰው፤ እነሱ ግን ሐውልት ሆኑ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ «ኩኩሉ» አሉ። እኛ ምንም አልሰማንም። ልጆቹ ሰሙ። አንድ በአንድ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ እጆቻቸው ተነሡና ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ጠቆሙ፤ ወደ ዋሻው አፍ። በዚያው ቅጽበት ከላይ በመንገዱ አንድ መኪና ሲታጠፍ መብራቱ ቦዩን ጠረገው፤ በዋሻው አፍ ላይ ሁለት ቀይ ዐይኖች ቦግ አሉ።

ጅቡ እዚያ ቆሞ ነበር።

«አልነጋም» አለ ጅቡ።

ገንዘቤ ሳትችል ቀርታ «አባባ!» ብላ ጮኸች። ዐይኖቹ አንድ እርምጃ ወደ ጨለማው አፈገፈጉ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ እጃቸውን ወደኋላ ዘርግተው ዝም አሰኟትና በበሩ ገብተው የሲሚንቶውን ቁልቁለት በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ከወደ ላይኛው በኩል ጣት የምታህል ቡናማ ውኃ፣ ቅጠልና አረፋ እየገፋች፣ መጥታ ጫማቸውን ነካች። ማንም ሰው እዚያ ቦታ ቢሆን ሮጦ ካርቶኑን ይይዝ ነበር። ሽማግሌውም ደንግጠው ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ከውስጥ ደግሞ መጨረሻውን የሚያውቅ የለም። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ለጅቡ ሰጥተው ውኃው ላይ ቁጭ አሉ። ዐይናቸውን በሁለት መዳፋቸው ከደኑ። «ኩኩሉ» አሉ፤ በቀስታ፣ ልጅ ለልጅ በሚለው ድምፅ።

«አልነጋም።»

ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። «ኩኩሉ።» «አልነጋም።» ከተራራው በኩል እንደ ባቡር ያለ ነገር ይሰማል። ያኔ ከላይ ከአጥሩ ሥር አንድ ድምፅ «ነጋ» አለ። ገንዘቤ ናት። ልጆቹ ዞር ብለው ዐዩአት፤ ገባቸው። «ነጋ!» አሉ ሁሉም በአንድ ላይ። «ነጋ! ነጋ!»

በመጨረሻ ከጅቡ አፍ ውስጥ ያ ሻካራ ድምፅ፣ ሌሎቹ ካሉማ ብቻዬን ምን እሆናለሁ በሚል ቅሬታ፣ «ነጋ» አለ።

ጋሽ ኃይለኢየሱስ ዘወር አሉ። ሽማግሌን «አንተ» ብሎ የሚጠራ ልጅ ካጋጠማቸው ጆሮውን የሚቆነጥጡት ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያዝኩህ!» አሉ። አባባ ገብረጻድቅ በጅቡ አፍ ብቅ ብለው ከት ብለው ሣቁ፤ እንደ ሕፃን እጃቸውን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙላቸው። እኛ ወንድ ሴት ሳንል ተያይዘን ሰንሰለት ሠርተን ሁለቱንም ጎትተን አወጣናቸው። ውኃው ከኋላቸው እያጉረመረመ ደረሰ። ጅቡን በአንድ ጊዜ አነሣው፤ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ዐይኖቹ አንዴ በርተው፣ ዋሻው ዋጠው።

አባባ ገብረጻድቅ ገንዘቤን ሲያዩ አቀረቀሩ። «እትዬ፣ አትቆጪኝ፤ ጨዋታ ላይ ሆኜ ነው» አሏት። እሷ ምንም አልተቆጣችም። አቅፋቸው አለቀሰች፤ ከዚያ አቅፋቸው ሣቀች። አምቡላንስ ሲመጣም ይዛቸው ሄደች።

በዚያ ግርግር ለጋሽ ኃይለኢየሱስ አንድ ቃል የተናገራቸው የለም። ሰው ሁሉ ዕቃውን ጠራርጎ ወደ መኪናው ሮጠ። እሳቸው እርጥብ ሱሪያቸው እግራቸው ላይ እንደተጣበቀ ካርቶኖቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አኳኋናቸውን ሳይ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰበስቡ ነው የሚመስለው። በእያንዳንዱ ውስጥ ጎንበስ ይላሉ፤ «ኩኩሉ» ይላሉ፤ ያዳምጣሉ፤ ያጥፋሉ። እኔ በነፋስ የሸሸ አንድ ካርቶን ይዤላቸው ከፒክአፑ ኋላ ደረስኩ። እዚያ መኖሬን አላዩም። የመጨረሻው ካርቶን ላይ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸው ደክሞ፣ «ኩኩሉ» አሉ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እኔ ሸዋዬ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ጉልበቴን የሚያመኝ ሴት፣ በሞተ ድምፅ «አልነጋም» አልኩ።

ጋሽ ኃይለኢየሱስ ደርቀው ቀሩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስፈራሩ የኖሩ ሰው፣ ማንም ተመልሶ አስፈራርቷቸው አያውቅም። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና ሲሉ ፊታቸውን ዐየሁት። በሃያ ዓመት ትውውቃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን ዐየሁ፤ የላይኛውንም የታችኛውንም። መልካቸው የስድስት ዓመት ልጅ መልክ ነበር። ካርቶኑን አላጠፉትም። እንደተከፈተ፣ እንደ እንግዳ፣ ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው ቀበቶ አሰሩለትና ሄዱ።

እንግዲህ የምሥራቹ ይኸውላችሁ። ዛሬ ገንዘቤ ራሷ ተነሥታ፣ ክቡር ጋሽ ኃይለኢየሱስ የልጆች ፕሮግራም ኃላፊ ሆነው ለዕድሜ ልክ ይሾሙ አለች፤ ባውንስ ሃውሱም ተሰረዘ፤ አባባ ገብረጻድቅ ረዳት ይሁኑ የሚልም ተጨመረበት። እሳቸው ገና አልሰሙም፤ መጋዘን ውስጥ ስልክ አያበሩም። የሥራ ፈረቃቸው ሊያልቅ ስለሆነ አይ ፊፍቲን የሚባለው አውራ ጎዳና ሳይጨናነቅ ኤፔክስ በር ላይ ደርሼ ልነግራቸው ነው።

ያን «አልነጋም» ያልኩት እኔ መሆኔን ግን እንዳትነግሯቸው፤ እኔም አልነግራቸውም። በሄዱበት ሁሉ እያወሩት ነውና ደስታቸውን አልነጥቃቸውም። አንድ የማይገባኝ ነገር ብቻ አለ። እኔ «አልነጋም» ያልኩት አንድ ጊዜ ነው። እሳቸው ሁለት ጊዜ ሰማሁ ነው የሚሉት፤ አንዱ ከፒክአፑ ኋላ፣ አንዱ ከካርቶኑ ውስጥ።

በሉ፣ ልሂድ።